ከ12ኛ ክፍል ቀጥታ ወደ አሜሪካ ሕክምና፦ ሐዋሳ ሆኖ ማመልከት ይቻላል?

አባት ከሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ልጄ 11ኛ ክፍል ናት፣ ተፈጥሮ ሳይንስ። ከ9ኛ ጀምሮ ከክፍሏ ከሦስተኛ ወርዳ አታውቅም። ሐኪም መሆን ነው የምትፈልገው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ነገር ብላ አታውቅም።

ወንድሜ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። በቅርቡ ደውሎ «እዚህ ከሃይስኩል ቀጥታ ሕክምና የሚያስገባ ፕሮግራም አለ። ስድስት ሰባት ዓመት ነው። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ አሁኑኑ ጀምሩ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ልጅቷ ማታ ማታ ስልኳ ላይ እሱን ስትፈልግ ታመሻለች። እናቷ ደግሞ «ማትሪኳን ችላ ትል ይሆን?» ብላ ሰግታለች።

ከተማ ውስጥ አማካሪ ነኝ የሚል አንድ ሰው ጋ ሄጄ ነበር። የልጅቷን ካርድ እንኳ ሳያይ «መግባቷ የተረጋገጠ ነው» አለኝና ብዙ ብር ጠየቀኝ። ልቤ ስላልተቀበለው ትቼው ወጣሁ።

ነገሩ እውነት ነው? የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ላላት ልጅ ይሆናል? ወጪውስ እንዴት ነው? እስከ 12ኛ ባለው ጊዜ ምን ብትሠራ ይሻላል? ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ጠቅላላ ሐኪም፣ ሐዋሳ

ሰላም አባት። ስለ አሜሪካው የሚያውቁ ይነግሩዎታል፣ እኔ ስለዚህኛው ልበል። በእኛ አገር ሕክምና ድሮም ከ12ኛ በኋላ ነው የሚጀመረው። መጀመሪያ ሌላ ዲግሪ ያዙ አይባልም። ማትሪኩን አልፋ፣ ፍሬሽማን ላይ ጥሩ ውጤት ይዛ ሕክምና ከደረሳት፣ ፕሪ-ክሊኒካል፣ ክሊኒካል፣ ከዚያ ኢንተርን ነው። እኔ የተማርኩት እዚሁ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነው። አሜሪካኖቹ ልዩ ፕሮግራም ብለው የሚያቀርቡት ነገር፣ በጊዜ ረገድ፣ እኛ ጋ መደበኛው መንገድ ነው።

እናቷ መስጋታቸው ልክ ነው። ማትሪክ እንደ ድሮው አይደለም። ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት በ2016 ከተፈታኞቹ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጎበዝ የነበሩ ልጆች ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ሆኖ ሲወድቁ አይቻለሁ።

ደግሞ አሜሪካ በዚህ በኩል አይዘጋም። እዚህ ተመርቀው ዩኤስኤምኤልኢ የሚባሉትን የአሜሪካ የሐኪም ፈቃድ ፈተናዎች አልፈው፣ እዚያ ሬዚደንሲ፣ ማለትም የስፔሻሊስት ሥልጠና፣ የገቡ የአገራችን ሐኪሞች ብዙ ናቸው። መንገዱ ረጅም ነው፣ ግን የታወቀ ነው።

የታቦር ልጅ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ያደግኩት ታቦር ተራራ ሥር ነው። 10ኛን ስጨርስ አባቴ ወዳለበት ቨርጂኒያ ሄድን። እዚያ ሃይስኩል ስጨርስ ከእነዚህ ጥምር ፕሮግራሞች አንዱ ተቀበለኝ። አሁን የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ነኝ። ትንሽ ይረዝማል፣ ይታገሱኝ።

ወንድምዎ ያሉት እውነት ነው። በአሜሪካ የተለመደው መንገድ መጀመሪያ አራት ዓመት ዲግሪ ነው። ከዚያ ኤምካት የሚባል ከባድ ፈተና አለ። ከዚያ እንደገና ማመልከት፣ ከዚያ አራት ዓመት ሕክምና። ጥምር ፕሮግራሙ ሁለቱን በአንድ ማመልከቻ ያገናኛቸዋል። ልጁ 12ኛ ክፍል እያለ ያመለክታል። ከተቀበሉት የሕክምናው ወንበርም ይያዝለታል፣ ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። ውጤቱ ከተቀመጠው ነጥብ ከወረደ ወንበሩ ይቀራል። አንዳንዶቹ ኤምካቱንም ይጠይቃሉ።

ሁሉም ደግሞ አያሳጥርም። በጣም ስሙ የሚነሳው የብራውን ዩኒቨርሲቲ ፒኤልኤምኢ ሙሉ ስምንት ዓመት ነው። ጥቅሙ ሌላ ነው። ኤምካት የለም፣ ተማሪውም በዲግሪው ዘመን የፈለገውን፣ ታሪክም ሙዚቃም ቢሆን፣ ተረጋግቶ ይማራል። ካንሳስ ሲቲ ያለው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ግን በእርግጥም ስድስት ዓመት ነው። በፈረንጆቹ ከ1971 ጀምሮ እንዲህ ሲያስተምር ኖሯል። ተማሪዎቹ በትንንሽ ቡድን ተከፍለው ገና ከጅምሩ አንድ ሐኪም ይመደብላቸዋል። ኒውዮርክ ሃርለም ያለው የከተማው ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ ሰባት ዓመት ነው። ስለዚህ ልጅዎ «ስድስት ዓመት» የሚለውን ትታ፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚጠይቅ ታንብብ።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ከውጤቷ በፊት የሚታየው ወረቀቷ ነው። አብዛኞቹ ጥምር ፕሮግራሞች የሚቀበሉት ዜጋን ወይም ግሪን ካርድ ያለውን ነው። የመንግሥት የሆኑት ደግሞ የራሳቸውን ክፍለ ግዛት ነዋሪ ያስቀድማሉ። የኒውዮርኩ የታሰበው ለኒውዮርክ ነዋሪ ነው። እኔ የገባሁት ግሪን ካርድ ስለነበረኝ ነው። እዚያው ሃይስኩል አብራኝ የነበረች ልጅ በኬሚስትሪም በሒሳብም ትበልጠኝ ነበር። ወረቀት ስላልነበራት ግን ማመልከቻውን እንኳ መሙላት አልቻለችም። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ያመኛል። ስለዚህ ማንም ሰው «የተረጋገጠ ነው» ካለዎት፣ እንደዚያኛው ጥለውት ይውጡ። እንኳን አማካሪ፣ ራሱ ዩኒቨርሲቲውም ቀድሞ የሚያረጋግጠው ነገር የለም።

ብራውን ከውጭ አገር የሚያመለክቱትንም ያያል። በፈረንጆቹ ከ2025 ገቢዎች ጀምሮ ደግሞ የውጭ አገር አመልካች መክፈል አለመቻሉ በመግቢያ ውሳኔው ላይ አይቆጠርበትም፣ የሚያስፈልገውንም ድጋፍ ይሰጣሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ፒኤልኤምኢ የሚቀበለው ከአመልካቾቹ እጅግ ጥቂቱን ነው። ደግሞ ድጋፉ የዲግሪው ዘመን ድጋፍ ነው። የሕክምናው አራት ዓመት ሌላ ሒሳብ ነው፣ እሱን ከመጀመሪያው ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል።

ስለ ገንዘቡ እውነቱን ልንገርዎ። በግል የሕክምና ትምህርት ቤቶች ክፍያው ብቻ ብዙ ቦታ በዓመት ከ60 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ቤት ኪራይና ምግብ ሳይጨመር ማለት ነው። አሜሪካዊው የሚማረው በመንግሥት ብድር ነው። ብድሩ ለዜጋና ግሪን ካርድ ላለው ነው። ለእነሱም ቢሆን ከፈረንጆቹ ጁላይ 2026 ጀምሮ ሕክምና ለሚጀምር አዲስ ተበዳሪ በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላ 200 ሺህ ዶላር ጣራ ተበጅቶለታል። በተማሪ ቪዛ የሚመጣ ይህ ብድር የለውም። እንዲያውም አንዳንድ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከውጭ ተማሪ የአንድ ዓመት፣ አንዳንዶቹ የአራቱንም ዓመት ክፍያ ቀድሞ ባንክ እንዲቀመጥ ይጠይቃሉ። ቤት ሸጦ የሚሞላ ገንዘብ አይደለም። እባክዎ ቤትዎን እንዳይሸጡ።

ታዲያ ምን ታድርግ? እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ለፒኤልኤምኢ አመለክታለሁ። ከዚያ ለውጭ ተማሪ ሙሉ ድጋፍ የሚሰጡ ኮሌጆችን መርጬ ለመደበኛው ዲግሪ አመለክታለሁ። ሕክምናው ከዲግሪ በኋላም አለ፣ አብዛኛው አሜሪካዊ ሐኪም የመጣውም በዚያ ነው። ማትሪኩን ደግሞ ሌላ ምንም እንዳላመለከትኩ አድርጌ አጠናለሁ።

ሁለቱ ደግሞ ብዙም አይጋጩም፣ ይህን ለእናቷ ይንገሩልኝ። ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ (ኮመን አፕ) የሚከፈተው ሐምሌ 25 ነው። ቀድሞ ማመልከት ለሚፈልግ የብዙ ኮሌጆች ቀን ጥቅምት 22 ላይ ያበቃል። መደበኛው ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ይዘጋል። መልሱ መጋቢት መጨረሻ ላይ ይመጣል። ማትሪክ ሰኔና ሐምሌ ነው። ከታኅሣሥ በኋላ ያለው ጊዜ ሙሉ በሙሉ የማትሪክ ነው። የሚያስቸግረው የመጪው ክረምትና የ12ኛ የመጀመሪያ ወራት ናቸው፣ እሱን ከአሁኑ ማቃለል ይቻላል። ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ከ12ኛ በፊት ባለው ክረምት ትጨርሰው። በማትሪክ ውስጥ ልጆቹ ኤስኤቲ የሚሉት አፕቲቲዩድ ሌላ ነው፣ ይህ የአሜሪካው ነው፣ የሚሰጠውም በኮምፒውተር ነው። መለማመጃው ብሉቡክ በሚባለው መተግበሪያና ካን አካዳሚ ላይ በነፃ አለ። አዲስ አበባ ሄዳ መፈተን ሊኖርባት ስለሚችል ቀደም ብላ ትመዝገብ፣ ቦታ ይሞላል። እንግሊዝኛውን በቶፍል ወይም በዱዎሊንጎ ፈተና ታሳያለች፣ ዱዎሊንጎው እቤት ተቀምጦ የሚሠራ ነው። ምክር ከፈለጉ ደግሞ አዲስ አበባ ኤምባሲው ሥር ኤዱኬሽን ዩኤስኤ የሚባል አለ። ገንዘብ አይጠይቅም።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስኩ። እነዚህ ፕሮግራሞች ጥሩ ካርድ ያለው ልጅ ሞልቷቸዋል። ከ17 ዓመት ልጅ የሚፈልጉት ሕመም ምን እንደሚመስል በቅርብ ማየቷን ነው። ይህን ደግሞ የሐዋሳ ልጅ ከየትም አታጣውም።

አያቴ ከአለታ ወንዶ ለሕክምና ሐዋሳ ትመጣ ነበር። ሲዳምኛ እንጂ አማርኛ አትችልም። የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ ይዣት የምሄደው። ካርድ ክፍል፣ ከዚያ ተመላላሽ፣ ከዚያ ላብራቶሪ፣ ከዚያ ተመልሶ ሐኪሙ ጋ፣ ከዚያ መድኃኒት ቤት። አንድ ጠዋት አግዳሚው ላይ አጠገባችን ነጠላቸውን ተከናንበው የተቀመጡ እናት ነበሩ። በአንድ እጃቸው ማዘዣ ወረቀት፣ በሌላው ባዶ የሽንት ዕቃ ይዘዋል። ከጠዋት ጀምሮ እንደያዙት ነው። ምን እንዲያደርጉበት በሚገባቸው ቋንቋ የነገራቸው የለም። በሲዳምኛ ነገርኳቸው። እጄን ይዘው መረቁኝ፣ ከዚያ ሁለት ሌሎች ሴቶች ወረቀታቸውን ይዘው መጡ።

ከዚያ በኋላ አያቴ ባትመጣም እሄድ ነበር። ማንም አልቀጠረኝም። አንዲት ነርስ መጀመሪያ ልታባርረኝ ፈልጋ ነበር፣ ቆይታ ግን ራሷ ትጠራኝ ጀመር። ሰው ለምን መድኃኒቱን ሳይጨርስ እንደሚተው፣ ለምን ሐኪሙ ፊት «ደህና ነኝ» እንደሚል፣ የገባኝ እዚያ ነው። አሜሪካ ሄጄም በሰፈራችን ክሊኒክ ለአበሻ እናቶች ይህንኑ ቀጠልኩ። የማመልከቻ ድርሰቴን የጻፍኩት በዚያ የሽንት ዕቃ ላይ ነው። ስለ ውጤቴ አንድ መስመር አልጻፍኩም፣ እሱን ትራንስክሪፕቱ ይናገራል።

ልጅዎ የእኔን እንድትገለብጥ አይደለም። የራሷን ታግኝ። ለምሳሌ እኛ የስምጥ ሸለቆ ልጆች ነን። ጥርሱ ቡናማ የሆነ ልጅ በየክፍላችን አለ፣ ምክንያቱ የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣራ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከባዮሎጂ መምህሯ ጋር ሆና የትኛው ሰፈር ከየት ውኃ እንደሚጠጣ ጠይቃ ብትመዘግብ፣ ያ ቁም ነገር ነው። አሞራ ገደል ዓሣ የሚያወርዱት ልጆች እግራቸው ሁልጊዜ ሐይቁ ውስጥ ነው፣ ሐይቁ ዳር ደግሞ ብላርዚያ አለ። የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ተከትላ ብትዞር ከየትኛውም የክረምት ካምፕ ይበልጥባታል። ቀይ መስቀልም ወጣት በጎ ፈቃደኞችን ይቀበላል። አንዱን ትያዝ፣ ግን ትቆይበት። ለማመልከቻ ብሎ በየወሩ ሥራ የሚቀያይር ልጅ ሲነበብ ያስታውቃል።

እናት ከአዳማ

ይቅርታ በመሀል ገባሁ። የእኔ ልጅ የተወለደው አሜሪካ ነው። ሕፃን ሆኖ ተመልሰን አዳማ ነው ያደገው፣ አሁን 10ኛ ክፍል ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት አለው። ለእሱ ይቀላል ማለት ነው? አክስቱ ኒውዮርክ አለች።

የታቦር ልጅ

በጣም ይቀላል፣ እናቴ። ዜጋ ስለሆነ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ማመልከቻውን ያዩለታል፣ ለመንግሥት ድጋፍና ብድርም ማመልከት ይችላል። ውጭ አገር የሚኖር ዜጋ ቤተሰቡ ገቢው ዝቅ ያለ ከሆነ የኤስኤቲ ክፍያም ሊነሳለት ይችላል፣ ይጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ይወቁ። ፓስፖርቱ ዜጋ ያደርገዋል እንጂ የኒውዮርክ ነዋሪ አያደርገውም። የነዋሪነት ሕጉ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ብዙ ቦታ ቢያንስ አንድ ዓመት መኖርን ይጠይቃል፣ ልጁ ለአቅመ አዳም ካልደረሰ ደግሞ የሚታየው የወላጅ መኖሪያ ነው። አክስቱ ቤት ማረፉ ብቻ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ነዋሪነትን የማይጠይቁትን ያስቀድም።

አባት ከሐዋሳ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ዛሬ ሱቅ ዘግቼ ቤት ገብቼ ሁሉንም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። እናቷ የቀኑን ነገር ስትሰማ ቀለል አላት። ልጅቷ ግን የገንዘቡ ላይ ስደርስ ዝም አለች። በኋላ ወረቀት አምጥታ ቀኖቹን በኢትዮጵያ ካላንደር ጻፈችና ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

ሁለት ነገር ጠይቅልኝ ብላኛለች። ኢንተርቪው አለ ወይ? ካለ ምን ይጠይቃሉ? ሁለተኛው፣ ትምህርት ቤታችን አማካሪ የሚባል መምህር የለውም፣ ማመልከቻው ግን የአማካሪ ደብዳቤ ይላል። ማን ይጻፍላት?

የታቦር ልጅ

ጋሼ፣ ቀኑን ግድግዳ ላይ መለጠፏ ደስ አለኝ። ዝም ማለቷም ይገባኛል፣ ትንሽ ጊዜ ይስጧት።

ኢንተርቪው የሚያደርጉም የማያደርጉም አሉ። የሚጠይቁት ዋና ጥያቄ በየቦታው አንድ ነው፦ ለምን ሐኪም? ለምን ነርስ ወይም ተመራማሪ አይደለም? በ17 ዓመትሽ እንዴት እርግጠኛ ሆንሽ? «ሰው መርዳት እወዳለሁ» የሚለው መልስ አይበቃም፣ መምህርም ሰው ይረዳል። ያየችውን አንድ ሰው ታንሳ። ያ ሰው ምን ሆኖ ነበር፣ ሐኪሙ ምን አደረገ፣ ምን ማድረግ አቃተው፣ እሷ ምን አሰበች። አንዳንዶቹ ደግሞ በክፍል በክፍል አዘዋውረው፣ በየክፍሉ ደቂቃዎች ሰጥተው አንድ አስቸጋሪ ሁኔታ ያቀርባሉ። ለምሳሌ ጓደኛሽ ፈተና ሲሰርቅ አየሽ፣ ምን ታደርጊያለሽ? እዚያ ላይ የሚፈልጉት አስተሳሰቧን ነው፣ አንድ ትክክለኛ መልስ የለውም።

ለእኛ ልጆች የሚከብደው ሌላ ነው። ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ትልቅ ሰው ፊት አንገት ደፍተን፣ ድምፅ ዝቅ አድርገን ነው የምንናገረው። የሠራነውን ሁሉ «እኛ ሠራን» እንላለን። ጠያቂው ግን እሷ ራሷ ምን እንዳደረገች ካልሰማ የሚመዝነው ነገር አያገኝም። «መዝገቡን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፣ ሴቶቹን ያነጋገርኩት እኔ ነኝ» ማለትን ትለማመድ። ትዕቢት አይደለም፣ እውነት ነው። ወንድምዎ በቪዲዮ እየደወሉ በእንግሊዝኛ ይጠይቋት። ዓይን ዓይናቸውን እያየች ትመልስ። መጀመሪያ ላይ ታፍራለች፣ ይለቃታል።

ስለ ደብዳቤው፣ የአማካሪውን ቦታ ርዕሰ መምህሩ ይሞላሉ። ይህ የታወቀ ነው፣ ችግር የለውም። ነገር ግን በኢሜይል የሚላክ ስለሆነ እንግዳ ሊሆንባቸው ይችላል። የትምህርት ቤቱ ኢሜይል ከሌለ አሁኑኑ ቢያወጡ ይሻላል። ከደብዳቤው ጋር ስለ ትምህርት ቤቱ አንድ ገጽ ይጠየቃል። በክፍሉ ስንት ተማሪ እንዳለ፣ በፈረቃ የሚማር ከሆነ፣ ላብራቶሪ ከሌለው፣ ይጻፍ። አንባቢው የልጅቷን ውጤት የሚመዝነው ካለችበት ሁኔታ አንጻር ነው። እኛ አገር ካርድ ላይ ደረጃ መጻፉ ደግሞ ይጠቅማታል፣ ትራንስክሪፕቱም ላይ እንዲገባ ይጠይቁ። ሌሎቹን ሁለት ደብዳቤዎች የባዮሎጂና የእንግሊዝኛ መምህሮቿ ይጻፉ። «ታታሪና ሥነ ሥርዓት ያላት ተማሪ ናት» ብቻ ብለው እንዳይተዉት፣ አንድ ያዩትን ነገር እንዲጽፉ ትለምናቸው።

የ9ኛና የ10ኛ ትራንስክሪፕቱን ክረምት ሳይገባ ያውጡ። ሐምሌ ላይ ሪከርድ ቢሮው ይዘጋል ወይም ኃላፊው ዕረፍት ይወጣሉ። ስሟ በካርዱ፣ በልደት የምስክር ወረቀቷና በፓስፖርቷ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉንም ያረጋግጡ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ከአሁኑ ይስተካከል። ድርሰቷን ስትጽፍ እዚሁ ላይ ጻፊልኝ ይበሏት፣ አነብላታለሁ።